አማቴ ዎርሻ አጃ ለመዝራት ፈቃድ ሲጠይቁ

አማቴ ዎርሻ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲቆፍሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ መሬቱን መልሱልኝ ብለው ቢሮ ለቢሮ የዞሩ ሴት ናቸው። ይህን የማወራው ከጀርባቸው አይደለም፤ ፊት ለፊታቸውም እለዋለሁ። እሳቸውም “አማች ምን ሥራ አለው፣ መብላትና ማውራት ነው” ይሉና ሳህኔ ላይ ድንች ይጨምሩልኛል። እንግዲህ በልቻለሁ፤ ማውራቱ ይቀረኛል።

በወጣትነታቸው ከሰል ማውጫው ላይ የሚያሽከረክሩት ያንን ትልቁን መቆፈሪያ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚረዝም ማሽን ነው፤ ፊቱ ላይ ባልዲ የተደረደረበት ጎማ ይዞራል፣ የነካውን ሁሉ ይዝቃል። እዚህ በምሥራቅ ጀርመን፣ ላውዚትስ ውስጥ፣ እኛ ሶርቦች ከምንኖርባቸው መንደሮች ስንቱን ጠራርጎ እንደበላ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአማቴ መንደር ዛብሎቶ ግማሽ ዕድል ነበራት፤ ቤቶቿ ተረፉ፣ ማሳዋ በሙሉ ሄደ። ማሽኑ ከጫካው በኩል እየበላ መጥቶ የመጨረሻው የጓሮ አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። የአማቴን አባት የአቶ ማቴስን ማሳ የበላው ማን ነው ቢባል፣ የገዛ ልጃቸው ናቸው። ያን ዕለት ተረኛዋ እሳቸው ነበሩ።

አቶ ማቴስ ያን ቀን የልጃቸውን ምሳ ይዘው መጡ፤ ድንች፣ አይብ፣ ከላዩ የተልባ ዘይት። ጠርዙ ላይ ቆመው ማሳቸው በባልዲ እየተዛቀ ሲሄድ ፈረቃው እስኪያልቅ ድረስ አዩ። ልጅቱ ከማሽኑ ስትወርድ ምን ይሏት ይሆን ብሎ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። እሳቸው ግን “መቼም ቀጥ አድርገሽ ቆርጠሽዋል” ብለው ሳህኑን ሰጧት። እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ማሳ ሌላ ቃል አልተነፈሱም። አማቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ብዙም ያሰቡ አይመስለኝም። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ አብሬያቸው ኖሬ የደረስኩበት ነው።

ማሳ የሌለው መንደር ምን ይጎድልበታል? ዱቄቱን እንደሆነ ከሱቅ ይገዛል። የሚጎድልበት ኮኮት ነው። በነሐሴ አጃው ከታጨደ በኋላ፣ በታጨደው ማሳ ላይ በር ይተከላል፤ በሩ በቅጠል ይሸለምና የታረደ አውራ ዶሮ ይንጠለጠልበታል። ጎረምሶቹ በፈረስ እየጋለቡ ከሥሩ ሲያልፉ ይንጠራራሉ፤ መጀመሪያ የዶሮውን ራስ መንጭቆ የወሰደ የዓመቱ ንጉሥ ይሆናል። ድንች በነበረበት መሬት ላይ ኮኮት አይጋለብም፤ ሣር ላይማ ነውር ነው። የታጨደ እህል ይፈልጋል፣ እሱም የመንደሩ የራሱ መሆን አለበት።

ዛብሎቶዎች ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮኮታቸውን የሚጋልቡት በጎረቤት መንደር፣ በእኛ በጎርካዎች ማሳ ላይ ነበር። እኛም ሰዎች ነንና ማሳ አበድረን ዝም አንልም። ፈረሶቻቸው ሲመጡ “አሸዋችሁን አራግፋችሁ ግቡ” እንላቸዋለን። በሠርጌ ዕለት አጎቴ ብርጭቆውን አንስቶ “ከዛብሎቶ ሚስት የሚያገባ ሰው ዶሮውንም ማሳውንም ራሱ ያቅርብ” ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባለቤቴ ሌይና ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አማቴ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸውን አየሁትና የእኔ ሳቅ እዚያው ላይ ቆመ።

ከሰሉ ሲያልቅ ኩባንያው ጉድጓዱን ሞላው። ሞላው ማለት ከሌላ ቦታ የዛቀውን አሸዋ ገለበጠበት ማለት ነው። ሣር እንኳ የማይደፍረው ራቁቱን የተኛ ቢጫ አሸዋ። የትኛው ቦታ ምን እንደሚሆን ግን ከላይ ተወስኖ አልቋል፤ ወዲያ ሐይቅ፣ ወዲህ የብስክሌት መንገድ፣ ከዛብሎቶ አጥር ሥር ያለችው ቁራጭ ደግሞ የጥድ ደን። ዕቅዱ በመንደሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በቀለም ተለጥፎ ሰው እያጨበጨበ ሳለ፣ አማቴ ከኋላ ወንበር ተነሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

“ጥዱ በስንተኛው ወር ነው የሚታጨደው?”

የደን ባለሙያው ጥያቄው አልገባው ኖሮ ስለ ጥድ ዕድሜ በሰፊው አስረዳ። አማቴ በትዕግሥት ሰምተው ተቀመጡ። በማግስቱ ጠዋት በራችንን አንኳኩ፤ ከተማ ወዳለው ፈቃድ ሰጪ ቢሮ እንድወስዳቸው ነው። ያንን ሁሉ ብረት ሲነዱ የኖሩ ሴት መንጃ ፈቃድ የላቸውም። “መኪና ትንሽ ነው፣ ምን ያስተማምናል?” ነው መልሳቸው።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለን አቶ ሃገዶርን የሚባል ሰው ነው። ለስላሳ፣ ትሑት፣ አንገቱ እንደ ልጅ የቀጠነ ሰው፤ ሲናገር እያንዳንዱን ቃል መዝኖ ነው የሚያወጣው። ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው።

“የቆፈርኩትን መመለስ ነው የምፈልገው” አሉት አማቴ። “አጃ እንድዘራበት።”

ሰውየው ፈገግ አለ። “ለመቆፈሩስ ያኔ ፈቃድ ነበረዎት?”

“ለመቆፈሩማ ማን ጠየቀኝ? ነይ አሉኝ ሄድኩ። ደጅ የሚያስጠናው መመለሱ ነው እንጂ።”

ሃገዶርን ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ያን ጊዜ ነው ሰውየውን መውደድ የጀመርኩት። መውደዴ ግን አልጠቀመንም። አሸዋው ሰውና ትራክተር መሸከሙ መረጋገጥ ነበረበት፤ ያንን የሚያረጋግጥ ሌላ ቢሮ አለ። ከሥር የሚወጣው ውኃ ኮምጣጣ ስለሆነ ኖራ ይጨመርበት አይጨመርበት የሚለው ሌላ ቢሮ፤ ኖራውን ማን ይክፈል የሚለው ደግሞ ሌላ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኛ እንቁላል ግን በእኔ መኪና ነበር የሚሄደው፤ ቤንዚኑም የእኔ። አማቴ በየመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያራቸውን እየበሉ ይጠብቃሉ፤ ጸሐፊዎቹም በኪያሩ ሽታ ያውቋቸው ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት ሃገዶርን የቁርጡን ነገራቸው። አንድ ጊዜ ለሙከራ ዝሩ። አጃው ሲደርስ ሳይታጨድ ቆሞ መጥቼ አየዋለሁ፤ ደህና ከሆነ ዕቅዱ እንዲለወጥ እፈርማለሁ። ነገር ግን ኩባንያው በመጪው መኸር ሥራውን አጠናቆ ይወጣልና ሁለተኛ ዕድል የለም። እስከዚያ ያልተፈቀደ መሬት በሙሉ፣ በዕቅዱ መሠረት ጥድ ይሆናል። ይህን ሁለት ጊዜ ደገመላቸው። አማቴ ሁለቱንም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከመዝራታችን በፊት አማቴ የአባታቸውን ማሳ ፈልገው አገኙ። እንዴት ቢሉ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ማማ በቀኝ ትከሻ፣ የጎርካ የውኃ ማጠራቀሚያ በግራ ትከሻ በኩል ሲሆን እዚያ ነው። ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና “እዚህ ነው” አሉ።

እኔ አላስቻለኝም። የአባታቸው አፈር ወይ ከሐይቁ ሥር፣ ወይ ከብስክሌት መንገዱ ሥር፣ ያውም ተገልብጦ እንደሆነ፣ እዚህ ያለው ከማን ማሳ እንደመጣ የማይታወቅ አሸዋ እንደሆነ በትሕትና አስረዳሁ።

“አፈሩን መች አልኩህ?” አሉኝ። “ቦታውን ነው። ቦታውን አልቆፈርኩትም።”

እንዲህ ያለ ክርክር ከአማት ጋር ገጥሞ የረታ አማች ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

አጃው በቀለ። ከመንገዱ በኩል ያለው ግማሽ ሳሳ፣ አጠረ፤ የሰነፍ ተማሪ ጸጉር መሰለ። በአባታቸው ቦታ ያለው ግማሽ ግን፣ መቼም እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ደረቴ ድረስ መጣ። የኖራው ጋሪ መጀመሪያ እዚያ ስለቆመ ኖራው በዝቶለት ነው ብዬ ገመትኩ፤ ግምቴን ግን ለራሴ ያዝኩት። አማቴ በየማለዳው እየሄዱ አጋዘኖቹን በድንጋይ፣ አጃውን በስድብ ይጠብቁታል። የደከመውን በኩል “አታፍርም፣ ሰው እያየህ!” ይሉታል። የበረታውን በኩል ግን ምንም አይሉትም፤ ጫፉን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ያልፋሉ።

ነሐሴ ገባ፤ አጃው ደረሰ፤ ሃገዶርን ደግሞ ወደ ባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ሄደ። በዚህ አገር በነሐሴ ቢሮ የሚገኝ ሰው ካለ መቆለፊያው የጠፋበት ብቻ ነው። በእሱ ቦታ ስልክ ያነሣችው ልጅ፣ እሱ እስኪመለስ አንድም ዘለላ እንዳይነካ አለች። መጠበቅ ይቻል ነበር፤ አማቴም ሊጠብቁ ነበር። ነገሩን ያበላሸነው እኛ ጎርካዎች ነን። በዚያ ዓመት ዋጋው ጥሩ ነው ብለን ማሳችንን ሁሉ በቆሎ ዘራንበት። በቆሎ በነሐሴ ገና ቆሞ ነው። ስለዚህ ለዛብሎቶ ኮኮት የምናበድረው አንድ ስንዝር የታጨደ መሬት አልነበረንም።

የዛብሎቶ ወጣቶች አለቃ ዊለም ይህን ሰምቶ ወደ አማቴ ቤት መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ቆመ። ኮኮቱ የፊታችን እሑድ መሆኑን፣ ፈረሶቹ መዘጋጀታቸውን፣ ልጃገረዶቹ ቀሚሳቸውን መተኮሳቸውን ተናገረ። በመጨረሻ የመጣበትን አወጣው።

“እማማ ዎርሻ፣ በመንደሩ የታጨደ አጃ የሚኖርዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። ካልሆነ ዘንድሮ አንጋልብም።”

ሌይና ወዲያው ገባችበት። ማጨዱ ካልቀረ ከመንገዱ በኩል ያለው ደካማው ይታጨድ፣ ጥሩው ቆሞ ሰውየውን ይጠብቅ አለች። ልጄ የምትወርሰው የእሷን ጭንቅላት እንዲሆን ሁልጊዜ እጸልያለሁ። እኔም እሷን ደገፍኩ። ዊለም እንኳ ደገፈ፤ የትም ይሁን፣ በሩን የምንተክልበት ከተገኘ ይበቃናል አለ።

አማቴ ግን ምድጃውን እያዩ ዝም አሉ። ሌላ ሰው ዝም ሲል እያሰበ ነው እላለሁ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ ወስነው ጨርሰዋል።

“የሚታጨደው የአባዬ ነው” አሉ። “ከሠላሳ ዓመት በኋላ በራሳችን መሬት ስንጋልብ፣ በዚያ በሽተኛ አጃ ላይ ነው የምንጋልበው? ጎርካዎች ቆመው እያዩን?” ይህን ሲሉ ያዩት እኔን ነው። “የተረፈውን ሰውየው ሳይታጨድ ያየዋል። ደካማው እንደዚህ ከሆነ ብርቱው ምን ሊሆን እንደሚችል የማይገባው ሰው አይደለም።”

ሌይና የቢሮውን ቃል አስታወሰቻቸው። ሳይታጨድ ቆሞ ያላየውን አጃ አይፈርምም አለቻቸው። እሳቸውም ሰምተዋታል፤ አልሰሙም እንዳይባል። ቅዳሜ ታጨደ።

የእሑዱን ነገር ባላወራው ይሻል ነበር፤ ስናወራው እኛ ጎርካዎች እናንሳለን። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዛብሎቶ ኮኮት በእንግድነት ሄድን። ገና አጥሩ ጋ ስንደርስ አንዲት ልጅ መጥረጊያ ይዛ ቆማ “በቆሏችሁን አራግፋችሁ ግቡ” አለችን። አጎቴ ሳይቀር ጫማውን አራገፈ። ፈረሶቹ ሲነሡ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ያ ሁሉ ቢሮ ይሸከም ይሆን ሲል የተከራከረበት አሸዋ ፀጥ ብሎ ተሸከማቸው። የዶሮውን ራስ የመነጨቀው ዊለም ነው። አክሊሉን በአንገቱ ሲያጠልቁለት ከፈረሱ ሳይወርድ ወደ አማቴ ሄደና ኮፍያውን አወለቀ። አማቴ በዓል ሲሆን ብቻ የሚያደርጉትን ትልቁን ሻሻቸውን አስረው፣ የአባታቸው ማሳ ዳር ላይ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለው ቆመው ነበር። እኚህን ሴት ብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ። ጎርካነቴን ለግማሽ ቀን ረሳሁት።

ሃገዶርን በሳምንቱ መጣ፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ፀሐይ መትቶት አፍንጫው ተልጦ። ከመንገዱ በኩል የቆመውን አጃ ገባበት፣ ቆጠረ፣ ለካ፣ ዘለላውን አሽቶ ፍሬውን አየ። ከምጠብቀው በላይ ነው አለ፤ እዚያው መኪናው ላይ አስደግፎ ፈረመ። ከዚያ ዞሮ ወዲያኛውን ግማሽ አየ። የታጨደ አገዳ፣ የፈረስ ኮቴ፣ መካከል ላይ ቅጠሉ የጠወለገ በር፣ በሩ ላይ አንድ የዶሮ እግር።

“ይህኛውስ?” አለ።

“ይህኛው ከዚያኛው ይበልጥ ነበር” አሉት አማቴ። “ደረት ይደርሳል። አማቼን ኪቶን ጠይቀው፣ እሱ ጎርካ ነው፣ እኛን ለማወደስ አይዋሽም።”

ሰውየው ከልቡ እንዳዘነ ፊቱ ይናገር ነበር።

“አምንዎታለሁ ወይዘሮ ዎርሻ” አለ። “ግን የምፈርመው ያየሁትን እንጂ ያመንኩትን አይደለም።”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው። ደካማው ግማሽ የዛብሎቶ ማሳ ሆነ፤ ለዘለዓለም አጃ ሊዘራበት ተፈቀደ። ብርቱው፣ የአቶ ማቴስ ቦታ፣ ጥድ። እኔ ደሜ ፈላ። አንድ ዓይን ጨፍኖ ቢፈርም ምን ይጎዳል፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ተኝቶ ቆይቶ አሁን ሕግ ይጠቅስብናል ብዬ ወደ ሰውየው ስጠጋ አማቴ ክንዴን ያዙኝ።

“ተወው ኪቶ” አሉኝ። “እሱም ልክ ነው። እኔም ልክ ነኝ።”

ከዚያ ሰውየውን ቤት ወስደው ድንች በአይብ አበሉት። እሱም እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ ሁለት ሳህን በላ።

በኅዳር የኩባንያው ሰዎች ችግኝ ጭነው መጡ። አማቴ አካፋቸውን ይዘው ሄዱና የአባቴን ቦታ እኔ ራሴ ነው የምተክለው አሏቸው። ሠራተኞቹ ተያይተው ዞር አሉ። ሌይና ብርድ ነው ብትል፣ ጉልበትሽን ያምሻል ብትል፣ ማን ሰምቷት። እኔን ላከችኝ። ስደርስ በጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ችግኙን አንድ በአንድ እያቆሙ፣ ጣት የሚያክለውን ጥድ ቀና በል እያሉ ይቆጡታል። ረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው።

ባልዲውን ተቀበልኳቸውና አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ላሾፍባቸው ነበር የመጣሁት፤ መንገድ ላይ አዘጋጅቼው የመጣሁት ነገርም ነበረኝ። ፊታቸውን ሳይ ጠፋብኝ። በምትኩ ያንን እሑድ ይቆጩበት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

አማቴ አፈሩን በመዳፋቸው ጠቅጥቀው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

“አባዬ አንድም ቀን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ አያውቅም” አሉኝ። “ሲያርስ ኖሮ፣ ሲያጭድ ኖሮ፣ እኔ ስቆፍርበት ሳይቀር ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። አሁን ይቀመጥ።”

ሌላ ችግኝ አቀበልኳቸው።